ሠላሳ አንደኛው ቀን

የትነበርሽን በደንብ የማያውቅ ሰው ዝምተኛ ናት ይላል። ጎንደር የቴሌቪዥን ቅርንጫፍ ጣቢያ አብረናት የምንሠራው ግን ዝም ካለች አንድ ነገር ይዛለች ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የእንፍራንዝ ልጅ ናት። አዘዞ አንድ ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስትጠግን ቆይታ የምስል ክምችት ክፍል ኃላፊ ሆና እኛ ዘንድ ተቀጠረች። ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ እርሷና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ያ ኮምፒውተር የስምንት ዓመት ቀረጻ ይዟል፤ አብዛኛው ካሜራማናችን የአያ ነጋ ሥራ ነው። ሳንጃ ሰሊጥ ሲታጨድ፣ ጭልጋ ድልድይ ሲመረቅ፣ የማይወጡት ዳገት የለም። አንድ ክፉ አመል ግን አላቸው፤ ግትር ናቸው። ካሜራ በሚቀርጸው ሁሉ ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይጽፋል፤ ስክሪን ላይ ባይታይም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። አያ ነጋ በየእንቁጣጣሹ የፈረንጁን ቀን እየሰረዙ መስከረም አንድን «1/1» ብለው ይሞሉለታል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ምነው፣ በአገሬ እየቀረጽሁ በሰው ቀን እቆጥራለሁ?»

ካሜራው ግን ወር የሚቆጥረው ፈረንጅ እንዳስተማረው ነው። ዘንድሮ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅርንጫፎችን ክምችት ወደ አዲስ ማስቀመጫ ሲያዛውር የእኛ ዝርዝር ጥር 31፣ መጋቢት 31 የሚል ሞልቶበት ተገኘ። ጳጉሜን ደግሞ ጨርሶ የለችም። ወዲያው ደብዳቤ መጣ፦ ቀኑ የማይታመን ምስል አይዛወርም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰረዛል። የጣቢያው ኃላፊ ነኝና መቀበሌን እኔው ፈረምሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

አያ ነጋ ሲሰሙ የካሜራው ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ አጠፋሁት» አሉ። አንጀቴን በሉት። የትነበርሽ ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ የጠዳ ሰዎች ቅርጫ ይከፋፈላሉ፤ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተቀምጧል።

«ቀኑን እየው» አለችኝ።

12/12/2013 ይላል። «ነሐሴ አሥራ ሁለት። ምን አለበት?»

«ጠዳ ሰው በፍልሰታ ጾም መካከል በሬ ጥሎ ይበላል?»

ሳቄ መጣ። እርሷ ግን አልሳቀችም። «ይህ የጾሙ ፍቺ ነው፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት። ካሜራው በአራት ቀን ተሳስቷል። ለምን አራት እንደሆነ ካወቅሁ የሌላውንም አገኘዋለሁ።»

ከመስከረም አንድ ጀምራ በሁለቱም አቆጣጠር ቀን በቀን ጻፈች። ሦስት ወረቀት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ካሜራው አንድም ቀን እንዳልዘለለ ታወቀ። የእርሱም ዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ነው፣ የእኛም። የጳጉሜንን አምስት ቀን ለብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ ለወሮቹ በትኖ አድሏል እንጂ። ገናና ጥምቀት በአብዛኛው ዓመት በአጋጣሚ ትክክል ስለሚወጡ ማንም ልብ አላለውም። እንግዲህ የተጻፈው ቀን ከመስከረም አንድ ስንተኛ እንደሆነ መቁጠር፣ ሠላሳ ሠላሳውን ወር ማድረግ፣ በቃ። በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ትርፍ ቀንም አልረሳቻትም። ሒሳቡን ለኮምፒውተሩ ሰጥታ በየፋይሉ ውስጥ ከስህተቱ አጠገብ ትክክለኛውን ቀን ማስጻፍ ጀመረች።

በመጨረሻው ቀን ኢንጂነር የሺዋስ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሊያሰርዝ መጣ። ወረቀቷን አገላብጦ አየና «ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል» አለ። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ገና ያልተነካ ፋይል መረጠ። «29/12/2014። ምስሉን አላሳይሽም፤ ቀኑን ንገሪኝ።»

አያ ነጋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ እንዳትል ፈራሁ።

«ሦስት መቶ ስልሳ ሦስተኛው ቀን» አለች የትነበርሽ ቀስ ብላ። «ሦስት መቶ ስልሳው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ሦስት ቀረ። ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል። ዕለቱን ዘንቦ ከሆነ አያ ነጋ ከዝናቡ ሌላ ምንም አይቀርጹም።»

የሺዋስ ፋይሉን ከፈተው። ዶፍ ይወርዳል። ጣራ ሥር የተጠለለ ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠዋል፤ ሴቶች ለጸበሉ ሻሻቸውን ፈተዋል፤ አንዷ እናት ሕፃኗን ከነልብሱ ወደ ዝናቡ ዘርግታዋለች።

የሺዋስ እስኪያልቅ አየውና ስልኩን አውጥቶ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። «የጎንደሩን እንዳትነኩት» አለ። «ሁሉንም ጫኑት።»

«ስምንቱንም ዓመት?» አሉ አያ ነጋ።

«ስምንቱንም፣ አያ።»

የትነበርሽን ብድግ አድርጌ ልሸከማት ምንም አልቀረኝም።