ተራራውን በጥላ መዞር

ጦርነቱ ጋብ ሲል ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ብመለስ፣ ሌቦቹ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው፣ የመብራቱን ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው መዝዘው ወስደውታል። ኩሽናው ውስጥ ምስማር ላይ ግን አንድ ነገር ትተውልኛል፤ ቅርባዋን፣ ከፍየል ቆዳ የተሰፋችውን የውሃ መያዣ። ማን ይፈልጋታል! አውርጄ ውሃ ብሞላባት ደርቃ ኖሮ ግማሹን እግሬ ላይ አፈሰሰችው፤ ቆዳዋ ሲርስ ግን ያ የተለፋችበት የቅጥራን ሽታ ተነሣና ይዞኝ ሄደ።

አባዬ እዚሁ ቡሪ፣ ፉርን በምንለው ዳቦ ቤት፣ እሳት ፊት ቆሞ ነው ያሳደገኝ። እሱ የደጋ ሰው ነው፤ እኔ የካርቱም ልጅ። በታኅሣሥ ጧት በረደኝ ብዬ ስኮማተር ይስቅብኛል፤ «ይኼማ ሙቀት ነው» ይለኛል። እሱ አገር ውሃ በእንስራ ውስጥ እንደ መስተዋት ይጋገራል አለኝ አንድ ቀን፤ ውሸት ነው አልኩት። ቅር አለው። «ብርድ ሳላሳይህማ አልሞትም» አለ፤ አገሩ መግባት እንደማይችል እያወቀ።

ለፉርኑ ዱቄት የሚያመላልስ ዐም በሺር፣ አጎት በሺር እንደማለት፣ የምንለው የሎሪ ሾፌር ነበር። እናቱ ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ ከሰበሎቃ አለፍ ብሎ፣ በረሃው መሐል ከቆመ ጥቁር ተራራ ሥር ይኖራሉ፤ ለዒድ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ፍየሎቹን ለማየት ተራራውን በእግሩ ይዞረዋል። በዚያ ዓመት አባዬ ተራራ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ሦስታችንም ሄድን።

የዐም በሺር አካሄድ ጧት በምዕራቡ በኩል፣ ቀትር ላይ በሰሜኑ ገደል ሥር፣ ከቀትር በኋላ በምሥራቁ፣ ሁልጊዜ ከጥላው ጋር ነው። ድንጋዩ እንደ ምላጭ፣ መንገዱ የፍየል ብቻ። እኔ በየጥቂቱ እቀመጣለሁ፤ አባዬ ግን ያ ፉርን ውስጥ ጎብጦ የማውቀው ሰውዬ ቀና ብሎ እየተራመደ፣ ዓይኑ ከጫፉ አልነቀል አለ። በመጨረሻ ቆመና በላይ በኩል እናቋርጥ አለ፤ ተራራ ላይ ሲወጣ ይበርዳላ! የእሱ አገር ሕግ ይኸው ነው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እዚያ ላይ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው» አለው ዐም በሺር።

«አንተ ሜዳ ላይ ሎሪ ንዳ፤ ተራራውን ለእኔ ተወው።»

ዐም በሺር ሳቀ፤ ይህችኑ ቅርባ በትከሻው እንዳነገተ በማዶ በኩል እጠብቃችኋለሁ ብሎ ዞረ። እኛ አንዲት ጠርሙስ ውሃ ይዘን ወጣን። ጫፉ ላይ የጠበቀን ነፋስ የፉርኑን በር የከፈቱት ያህል ነበር፤ ጥቁሩ ድንጋይ በጫማዬ በኩል ያቃጥላል። ውሃው አለቀ። አባዬ ለብዙ ጊዜ ሲጠብቀው የኖረ ሰው እንደቀረበት ሁሉ ወዲያና ወዲህ አየና «ከፉርን ሸሽቼ ፉርን ገባሁ» አለ፤ ሊያስቀኝ ነው፣ ከንፈሩ ግን ተሰነጣጥቋል። ስንወርድ ትከሻዬን ተደግፎ ወረደ፤ ክብደቱን ያኔ አወቅሁት።

ዐም በሺር በምሥራቁ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። ቅርባዋን አቀበለን። አባዬ እኔን አስቀደመኝ። ያን ቀን ሙሉ ነፋስ ሲመታው የዋለው ቆዳ አልቦት ውሃውን አቀዝቅዞት ኖሮ፣ ጥርሴን ነዘረኝ፤ ገላዬ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ፣ ብርድ ይኼ ነው?»

አባዬ ዐም በሺርን አየው፤ እኔን አየኝ። «አዎ ልጄ፣ እሱ ነው» አለ።

ስንለያይ የዐም በሺር እናት ቅርባዋን ለእኛ ሰጡን። አባዬ የተቀበረው እዚሁ ካርቱም ነው፤ እኔም ደጋውን ሳላይ አረጀሁ።

አሁን መብራት የለም። ጧት አንገረቤን፣ የገመድ አልጋዬን፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር እዘረጋለሁ፤ ፀሐይ ስትዞር ጎትቼ ወደ ሰሜኑ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቁ። ቀስ ብዬ ነው፤ ጉልበት የለም፣ ያላ፣ ቶሎ በል የሚለኝም የለም። ድሮ ለሦስታችን የበቃው ጥላ አሁን አንድ አልጋ ይዞ ይተርፋል። ቅርባዋን ከራስጌዬ እሰቅላታለሁ። አመሻሹ ላይ ጥርሴ ባይኖርም ውሃዋን ጨለጥ አድርጌ እንቀጠቀጣለሁ፤ አዎ አባዬ፣ እሱ ነው።