በስለቱ በኩል የገባው ሰይፍ

ኦስበርን የአንዲት የኖርማንዲ ከተማ በር መጠበቅ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የበሩ ሕግ አንድ ነው፤ የሚገባ ሰው ሰይፉን በበሩ ቀዳዳ፣ እጀታውን አስቀድሞ ያቀብላል። ልጁ ሬኑፍ በሕፃንነቱ በእንጨት ሰይፍ ሲጫወት መጀመሪያ የተማረው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ዓመት ልዑሉ በአባቱ በንጉሡ ላይ ሸፈተ፤ ሬኑፍም ተከትሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኦስበርን የፈረስ ኮቴ በሰማ ቁጥር ሬኑፍ ይሆን እያለ ያዳምጣል። የምሽጉ አዛዥ፣ "ከልዑሉ ሰዎች አንዱን ብታስገባ እዚሁ በርህ ላይ ነው የምሰቅልህ" ብሎታል።

አንድ ረፋድ ላይ ሃያ ፈረሰኞች መጡ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ልዑሉን ትተን ለንጉሡ ልንገባ ነው፤ ክፈትልን" አለ ሬኑፍ። ድምፁ ደርቋል።

ከኋላው አንዱ ሳቀ። "አንተ ሽማግሌ፣ የገዛ ልጅህን ደጅ ታስጠናለህ እንዴ?"

ኦስበርን ወደ ቀዳዳው ቀርቦ፣ "ሰይፍህን አቀብለኝ" አለ።

ሰይፉ በቀዳዳው ገባ። እንደ ልማዱ ሳያይ ጨበጠውና መዳፉ ተሰነጠቀ። የገባው በስለቱ በኩል ነበር።

ሬኑፍ ይህን አይሳሳትም። አትክፈት ማለቱ ነው።

ኦስበርን ሰይፉን ወደ ውስጥ ስቦ ቀዳዳውን ዘጋ፤ የማንቂያውንም ደወል ጎተተ። ከውጭ አንዱ፣ "ምን አድርገህ ነው?" ብሎ ሲጮህ ሰማ። የልጁን መልስ ለመስማት ጆሮውን ከሳንቃው ላይ ለጠፈ።

የልጁ ሰይፍ እሱ እጅ መቅረቱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።