ከጋሽ ተሾመ በላይ ማን ይጽፋል

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሮቤ

የሮቤ ብርድ እንግዳ አያከብርም። ከአዲስ አበባ ለብሼያት የመጣሁት ስስ ጃኬት በአንድ ሌሊት መሳቂያ አድርጋኛለች። መናኸሪያው በር ላይ ሐዋ ጋቢ ይዛልኝ ቆማለች። «ጋዜጠኛ ሲበርደው ነገር ያጋንናል ብዬ ነው» አለች።

ሐዋ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት። ላፕቶፗን ይዛ ከአንድ ፀጉር ቤት ጥግ ተቀምጣ የትርጉምና የዲዛይን ሥራ ትሠራለች። እንደ እሷ ያሉ እዚህ ብዙ ናቸው፤ አንዱ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ካፌ ይቀመጣል፣ ሌላው ከወንድሙ ሱቅ የዘይት ጀሪካን ተደግፎ ይሠራል። ሐሳቧ ለነዚህ ሁሉ የጋራ የሥራ ቤት መክፈት ነው፤ ጠረጴዛው፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ የጋራ፣ ሥራው የየራስ። ከገበያው ጀርባ የቆየ የእህል መጋዘን አግኝታለች። ያጠራቀመችው ለኪራዩ ይበቃል፤ ለዕቃው ግን አይበቃም። ዕቃ ለሌለው ተከራይ አልሰጥም ያለው የመጋዘኑ ባለቤት እስከ እሑድ ማታ ይጠብቃታል። ካልተሳካ አዳማ ያገኘችውን የቢሮ ሥራ ትጀምራለች። በአዳማ በኩል በሚያልፈው የሰኞ አውቶቡስ ለእኔም ለእሷም ቲኬት ቆርጣለች፣ ጎን ለጎን።

«አዳማ እንኳ ይሞቃል» አልኳት ላጽናናት።

«ሙቀት ማን ጠየቀ?» አለች።

ሦስት ሰዓት፣ ጎባ

በሚኒባስ ስምንት ብር። በግራም በቀኝም ስንዴ፣ ከፊት ደመና የለበሰ ተራራ። ለዕቃው ከነጋዴዎች የምንሰበስብበትን የመዋጮ ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፦ ስም፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። ከላይ ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ኮርቼበትም ነበር።

በሱቆቹ መደዳ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ተሾመ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። ሽማግሌ ይቅደም ብዬ ወረቀቱን መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠሁ። ሐዋ ክንዴን ነካ አደረገችኝ፤ አልገባኝም። ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ «ሃምሳ ሎሚ» ብለው ፈገግ አሉ፣ ሃምሳ ብር ጽፈው ፈረሙ። ለእሳቸው ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ ክርኑ ላይ የተጣፈው ኮታቸው ይናገራል።

ቀጥሎ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ሁለት አይሱዙ አለው። ወረቀቱን አየ፣ ቀና ብሎ የጋሽ ተሾመን ሱቅ አየ፣ ሃምሳ ጻፈ። ባለሆቴሏ ሃምሳ። ዳቦ ቤቱ አርባ። ሱቆቹ ለጁምዓ ሶላት መዘጋት ሲጀምሩ ጎዳናውን ጨርሰናል፤ ያገኘነው ግን ለሁለት ጠረጴዛ እንኳ አይሆንም።

«የጎባ ነጋዴ ቋጣሪ ነው» አልኩ ተናድጄ።

«አይደለም። ከጋሽ ተሾመ በላይ ማን ይጽፋል? የሁሉንም የሠርግ ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። በልጦ መጻፍ እሳቸውን ማሳነስ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወረቀቱን ከእጃቸው ልንጠቅልህ?»

ማክበሬ ነበር፤ ማጥፋቴ ሆነ። አፈርኩ። ምሳ ቀረበና ሁለታችንም እምብዛም አልበላንም።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት፣ ገሰራ

ኮምባይነሮቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው ስንዴው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። የሚኒባሳችን ሾፌር ምን ልንሸምት እንደመጣን ጠየቀ። «ልንለምን ነው» አልኩት። «አጨዳ ሳይጀመር? ቸኩላችኋል» አለኝ።

ያረፍነው የሐዋ አባት ወዳጅ ከሆኑት ከሐጂ ቃዲሮ ቤት ነው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው፣ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እንደ ልጃቸው ተቀበሏት። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮና አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ቀረበልን። ከበላን በኋላ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ ቆዩበት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«ጽሕፈትህ ያምራል። ግን ልጄ፣ ከሰው ስም ጎን ብር ስትጽፍ ሰውየውን ሚዛን ላይ አወጣኸው። ድሃው ያፍራል፣ ሀብታሙም እሱን ላለማሳፈር እጁን ይሰበስባል።» ወደ ሐዋ ዞሩ። «ቤቱ ምን ይጎድለዋል? በር አለው?»

«ምስጥ የበላው አለ፣ አባ።»

«እንግዲያው በሩ የእኔ ነው፣ ኢንሻአላህ። የተሠራ አለኝ። የቀረውን ጻፉ።»

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ዕቃ ብቻ ጻፍኩ። ሐጂ ይዘውን ገበያ ወጡ። አናጢው «ጠረጴዛዎቹ የእኔ ናቸው» አለ። ቆርቆሮ ነጋዴው የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የመብራት ሠራተኛው ገመዱን ያዙ። ሽንኩርት የምትሸጥ እናት «መጥረጊያና ባልዲው የእኔ ነው» ብላ ስሟን ከቆርቆሮ ነጋዴው ስር በኩራት አስጻፈች። የጎረቤቱን ዋጋ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

አሥር ሰዓት ላይ የቀሩት ወንበርና መጋረጃ ናቸው። «ቆሞ የሚሠራ ዘበኛ ብቻ ነው» አለች ሐዋ፣ ሳትስቅ።

ከመሳፈራችን በፊት ለጋሽ ተሾመ ደወልኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ የጎባን ብር እንደምንመልስ ነገርኳቸው። ከዚያ «ምን ምን ቀራችሁ?» አሉ። ነገርኳቸው። «እሺ» ብለው ዘጉት።

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሮቤ

የሐጂ በር ማለዳ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ መጥቷል፤ ጠረጴዛዎቹም አብረው። የመጋዘኑ ባለቤት ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። «ሐዋ፣ ጠረጴዛ ብቻውን ቤት አይከፍትም። ሌላ ተከራይ ደውሎልኛል» አላት። የሰኞውን ቲኬት ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጨርቅ ነጋዴው አይሱዙ መጣ። ከላዩ ወንበር ነው፦ ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ ከባለሆቴሏ አራት ባለስፖንጅ፣ ከዳቦ ቤቱ አንድ ረጅም አግዳሚ። አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ጋሽ ተሾመ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ከፊት ወንበር ወረዱ።

«ከቅዳሴ ስወጣ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ» አሉ። «ያ ወረቀት ሰውን ሁሉ በእኔ ልክ ሰፋው። አርባ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ጥፋት አላጠፋሁም።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው ለመጋረጃው ይለኩ ጀመር።

ባለቤቱ ከድንጋዩ ተነሣ። ቁልፉን ለሐዋ ሰጥቶ እሱም ወንበር ለማውረድ ሄደ።

ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መናኸሪያ

ብርዱ እንዳለ ነው፤ ጋቢዋን አልመለስኩም። አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ከጎኔ ካለችው አንዲት ወንበር በቀር። ረዳቱ ቲኬት እየቆጠረ መጥቶ ቆመ።

«የዚህ ወንበር ሰው የታለ?»

«ሥራ ገብታለች» አልኩት።