በቆርኪ የተመታው ማህተም

መምህሩን ተማሪዎቹ «አጣሪው» ይሉታል። እሱም ሙገሳ መስሎት ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቱን ነፍቶበታል። የሚያስተምረው ወሬን ከእውነት መለየት ነው፤ የፎቶ ምንጭ መፈተሽ፣ መልእክት ከማስተላለፍ በፊት ቆም ማለት። ያሳደገችው፣ አሁንም አብራው የምትኖረው አክስቱ ደግሞ የጎረቤት ወሬ ሳትሰማ ምሳ የማይዋጥላት ሴት ናት። ሙያውን ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ «ከአክስቴ፣ ግን በተቃራኒው» ይላል። በተቃራኒው መሆኑን የሚያምነው እሱ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጠ፤ የሐሰት ማስታወቂያ ሠርታችሁ አምጡ፣ ጓደኞቻችሁ ስህተቱን ይፈልጉ አለ። አርባውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ፣ አንድ ዓይኑን ቴሌቪዥን ላይ ተክሎ አረመና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎት ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት በቤተሰቡ ግሩፕ አንድ ፎቶ መጣ፤ ውሃ ለሦስት ቀን ይቋረጣል የሚል ማስታወቂያ፣ ከነክብ ማህተሙ። አክስቱ ከሥሩ «በቀይ ተፈርሞበታል፣ የምር ነው» ብላለች። አጣሪው ምን አጣራ? ባልዲ። ጀሪካኑን፣ ድስቱን፣ የትንሽ ልጁን መታጠቢያ ሳይቀር ሞላ። ከዚያ «ከታማኝ ምንጭ» ብሎ ለመምህራኑ ግሩፕ ላከው። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲቀዳ ቧንቧው ደከመና ወሬው ለግማሽ ቀን እውነት ሆኖ ዋለ።

አርብ ርዕሰ መምህሯ ማስታወቂያው የተማሪ ሥራ መሆኑን ሰምታ ክፍሉ ገባችና ማን እንደሠራው ጠየቀች። ፊት የምትቀመጠው ልጅ ተነሳች።

«እኔ ነኝ። ግን ለማንም አልላክሁም።»

«ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ነይ፣ እስከዚያ ክፍል አትገቢም። ይህ ትምህርትም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

ልጅቷ ደብተሯን ከታ ቦርሳዋን አነገተች። «ምንጩን ፈትሹ ብለውን ነበር፣ መምህር። እስቲ ግድግዳው ላይ ያሳዩን።»

አጣሪው ፕሮጀክተሩን አበራ፤ ችሎታ ማሳየት ይወዳል። ማህተሙን ቢያጎላው ዙሪያውን ጥርስ አለው። የለስላሳ ቆርኪ ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ጥጉን አጎላው። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ከአሥር ዘጠኝ። ጎበዝ፣ ይሄ እኔንም ያታልለኛል።»

ከወረቀቱ አጠገብ እጀታው በክር የታሰረ መነጽር ይታያል።

«መነጽሩስ የማን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። እጁ ሳያስበው ወደ ፕሮጀክተሩ ገመድ ሄደ፤ ነቅሎ መብራት ጠፋ ሊል። ግን ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳለች።

«ተመለሽ» አላት። ወደ ርዕሰ መምህሯ ዞረ። «የሷ ጥፋት አይደለም። ወረቀቱን ያዝረከረክሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ፎቶ አነሳችው፣ እኔ ደግሞ ለእርስዎ ላክሁልዎ።»

«ታማኝ ምንጭ ያሉት አክስትዎን ነው?»

«አዎ።»

ርዕሰ መምህሯ ግድግዳውን ትክ ብላ አየችው። «የኔም ገንዳ እስካሁን ሙሉ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርቱ ይቀጥላል። ዛሬ ግን ልጅቷ ታስተምር፣ እርስዎ እሷ ቦታ ይቀመጡ።»

አጣሪው ጉልበቱን አጥፎ ጠባቡ ወንበር ውስጥ ገባ። ስልኩ ነዘረው። አክስቱ ናት፦ «ሰማህ? እናንተ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ጉድ ፈላበት አሉ።»

«ማን ነገረሽ?» ብሎ ጻፈላት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።