ከፍሪጁ ሥር ያለችው እሳት

ተረፈ የመስቃን ጉራጌ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ብሎን ሲፈታና ሲያስር ኖሮ፣ በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ቡታጅራ ዳር ባለች ትንሽ ክሊኒክ በጥገና ሠራተኝነት ተቀጠረ። የውኃው ፓምፕ፣ የመርፌ መቀቀያው ምድጃ፣ የጽሕፈት መኪናው ሁሉ በእሱ እጅ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን በላምባ የሚሠራው ነጭ ፍሪጅ ነው።

ፍሪጁን የምታቀዘቅዘው ከሥሩ የምትነድ ትንሽ እሳት ናት። እሳቷ ሰማያዊ መሆን አለባት፤ ቢጫ ከሆነች ጥላሸት ታመጣለች። ፍሪጁ ካዘነበለም አያቀዘቅዝም። የሳንቃው ወለል ዘመም ያለ ስለነበር ተረፈ አንዲት የወይራ ቁራጭ ጠርቦ ከአንዱ እግሩ ሥር ሸጎጠ፤ ላዩ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ልኩን አየ። ከዚያ «እሳቱን መንካት፣ ፍሪጁን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ።

ሰሚ ግን አላገኘም። ዋና ጸሐፊው አቶ ያረጋል ጠረጴዛቸው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያችን የወይራ ቁራጭ ከፍሪጁ ሥር መዘው ይወስዳሉ። ተረፈ ሲያስረዳቸው ይስቃሉ።

«እሳት እያነደድክ አቀዘቅዛለሁ ትላለህ። እኛ አገር እሳት ያሞቃል፤ የመስቃን እሳት እንግዲህ ሌላ ይሆናል።»

በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ሃሊማ የምትባል የገጠር ሴት ያበደ ውሻ ነክሷት መጣች። ዐሥራ አራት ቀን፣ በየቀኑ፣ ሆዷ ላይ መርፌ መወጋት ነበረባት። አንድ ቅዳሜ ተረፈ ፓምፕ ሊጠግን ቆሼ ወደምትባለው የጎረቤት ከተማ ተላከ። እሑድ ጧት ሃሊማ ዐሥረኛውን መርፌ ተወጋች፤ አራት ቀራት።

ሰኞ ማለዳ ተረፈ ተመልሶ ፍሪጁን ሲከፍት ለብ ያለ አየር ፊቱን መታው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እሳቷ የለችም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘርፈሽዋል፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ። «ትናንት ቀትር ላይ ፀሐዩ ከረረ። በዚያ ላይ ከሥሩ እሳት ሲነድበት የዚያች ምስኪን መድኃኒት ይበላሻል ብዬ።»

«ጽሑፉን አላዩትም፣ እትዬ?»

«አየዋለሁ እንጂ። በየቀኑ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ማንበቡን ማን አስተማረኝ?»

ተረፈ ቀና ብሎ በቀይ የጻፈውን አየ። ከዓመት በላይ አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ በአፉ አልነገራቸውም ነበር።

ሃሊማን መርፌ የሚወጋት የክሊኒኩ ድሬሰር የመድኃኒቱን ብልቃጦች ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ አይወጋም። ሌላ ከአዲስ አበባ ይምጣ። አንድ ቀን ብትዘል ግዴለም፤ ሁለት ቀን ግን እፈራላታለሁ።»

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ተረፈ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ደግሞ የመድኃኒት ማከማቻው አያስተናግደውም። ማኅተሙ ያለው አቶ ያረጋል መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ ማኅተም አይመታም» አሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

«ስመለስ ይጻፍ፣ አቶ ያረጋል። መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

«የማሽኑ ኃላፊ ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ፈርም።»

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። ተረፈ በረንዳው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወደተቀመጠችው ሃሊማ አየ። ብዕሩን ነጥቆ ጥፋቱ የእሱ ነው በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ፤ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤና ቴርሞሱን ይዞ ሮጠ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አቧራ ለብሶ፣ ብልቃጦቹን በረዶ በሞላው ቴርሞስ ይዞ ደረሰ። ሃሊማ ተወጋች። ተረፈ እሳቷን ለኩሶ እትዬ ዘርፈሽዋልን ከፍሪጁ አጠገብ አስጎነበሳቸው።

«ሰማያዊ ስትሆን ደኅና ናት። ቢጫ ካዩ ይጥሩኝ።»

«ይኸው ነው? ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ቀጥሎ ብርጭቆውን ላዩ ላይ ቢያስቀምጥ ውኃው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። የወይራዋ ቁራጭ ቦታዋ ላይ የለችም። አቶ ያረጋል ቢሮ ገባ፤ እሱ የፈረመበት ወረቀት በተዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር አገኛት። ሳይጠይቅ መዘዛት።

«ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«ይንቀጥቀጥ፣ አቶ ያረጋል።»

ረጅም ሚስማር ፈልጎ ቁራጯን በፍሪጁ እግር ሥር ከወለሉ ጋር መታት። መዶሻው ገና ሳይቆም ከወዲያኛው ክፍል የአቶ ያረጋል ድምፅ መጣ፦ «ሳንቃ መብሳትህም ይጻፋል!»