«እኮራለሁ» ያላለችው ልጅ

የልጅ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ባሕር ዳር ሥራ ስታገኝ በአራት ዓመቷ ተረከብኋት፤ ያን ጊዜ ባለቤቴ አርፋ ነበር። የወንድ እጅ ሴት ልጅ ለማሳደግ ምን ያውቃል? ጠጉር መሥራት እንኳ ከጎረቤት ነው የተማርሁት። ደግነቱ እዚሁ ደብረ ታቦር የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርሁ። እሷ ክፍል ውስጥ፣ እኔ በሩ ላይ፣ በአንድ አጥር ውስጥ እንውላለን።

አራተኛ ክፍል ሳለች ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። አገሯ ቆላ ነው፤ የጉና ተራራን ብርድ አልቻለችውም፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርባለች። የያዘችው መጠይቅ ልጆች ለራሳቸው ያላቸውን ግምት የሚለካ ነው አሉ። እኔ እህል በቁና ሲሰፈር እንጂ ይህ ሲለካ አይቼ አላውቅ።

«በምን ትለኪዋለሽ ልጄ?» አልኋት።

«በጥያቄ ነው አባባ። እኔ አነባለሁ፤ እነሱ ‹እስማማለሁ›፣ ‹አልስማማም› ከሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደግማ ትጠይቃለች። መልሱ ከፊተኛው ካልራቀ መጠይቁ ይታመናል ማለት ነው። ይህስ ገባኝ፤ ገበያ ላይ ሚዛን የጠረጠረ ሰውም ሁለቴ ያስመዝናል። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ከማን ጋር ነው የምስማማ? እኔ ከማንም አልተጣላሁ!» ብሏት እየሣቀች ነገረችኝ።

ሁለተኛው ዙር ያለቀ ቀን ግን ሣቅ አልነበራትም። ከአግዳሚዬ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አሳዳጊዋ እርስዎ ስለሆኑ ነው የምነግርዎ። ልጅቱ ለራሷ ያላት ግምት ዝቅ ያለ ይመስላል። ‹በራሴ እኮራለሁ› ለሚለው ሁለቱንም ጊዜ ‹በጣም አልስማማም› አለች። ቤት ውስጥ ይቆጧታል?»

የቋጠርሁትን ቆሎ እንኳ ሳልፈታው ዋልሁ። አንደኛ ወጥታ እየሮጠች ስትመጣ «ተመስገን በይ፣ እንዳትኮሪ» ያልኋት ሁሉ ትዝ አለኝ። አሳደግኋት ስል ሰበርኋት ማለት ነው?

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ጠየቅኋት። «አንቺ፣ ራስሽን ትንቂያለሽ እንዴ?»

«ማን አለ አባዬ?»

«ታዲያ መኩራቱን ምነው አልስማማም አልሽ?»

ቆም ብላ አየችኝ። «አንቱ አይደሉም እንዴ ‹የኮራ ይወድቃል› የሚሉኝ? ያቺ ጓደኛዬ አዲስ ጫማ አድርጋ ሳታናግረኝ ስታልፍ ‹ኮራችብኝ› ብዬ አልቅሼ የለ? ታዲያ እኔ በማን ላይ ነው የምኮራ?»

ሣቄ መጣና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። ግን ደግሜ ጠየቅኋት። «እሺ፣ ከእኩዮችሽስ ታንሻለሽ?»

የሰደብኋት መሰላት። «እኔ? በምኔ ነው የማንስ? ሒሳብ የሚያቅታቸውን ማን ያሳያቸዋል? አንቱስ ቢሆኑ፣ የእማዬ ደብዳቤ ሲመጣ ማን ነው የሚያነብልዎት?»

ይህን ስትል ነፍሴ መለስ አለች። ያን ዕለት ራቴን ጠግቤ በላሁ።

በማግሥቱ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኋት። ሣቀች፤ ከዚያ ወረቀቷን አገላበጠች። «ሁለቴ ጠይቄ ሁለቴም ያው መልስ ነው የመጣ። እኔ እኮ አምኜው ነበር።»

«ልጄ፣ ጎኑ የገባ ቁና መቶ ጊዜ ብትሰፍሪበትም ያው ነው የሚሰጥሽ» አልኋት። «እዚህ አገር ኮራ ማለት ሰው ናቀ ማለት ነው። ልጆቹ እሺ ቢሉሽ ነበር የሚያስፈራው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ከእኩዮቼ አላንስም› በያቸው።»

ጻፈችው። ሌሎቹንም ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነበበች ጠየቀችኝ፤ እኔም ከተወለድሁ ወዲህ መምህር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ሳልቸኩል መለስሁላት። ከጥቂት ቀን በኋላ በታረመው መጠይቅ ልጆቹን እንደገና አስቀመጠቻቸው።

«አትኩሪ» ማለቴን ዛሬም አልተውሁም። «አታንሽም» የሚለውን ግን አስቀድማለሁ።

መጠይቁ የተደገመ ዕለት ደወል ተደውሎ የልጅ ልጄ ስትወጣ «ምን ብለሽ መለስሽ?» ብላት አፏን በእጇ ያዘች።

«ለማንም እንዳትነግሩ ተብለናል አባዬ።» ጥቂት እንደ ሄድን ግን አላስችላት አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ብቻ፣ ‹ከእኩዮቼ አላንስም› የሚለው ላይ ተጭኜ ምልክት ሳደርግ እስክርቢቶው ወረቀቱን ቀደደው።»