ቀለሙ እንዳይደርቅ

ፕሪንተር ልገዛ አዳማ መሃል ከተማ ወጣሁ። ባለሱቁ ሁለት አሳየኝ። ርካሹ በካርትሬጅ የሚሠራ ነው፤ ካርትሬጁ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ውዱ ቀለሙ በጠርሙስ ስለሚሞላ ብዙ ያትማል። ውዱን ገዛሁ።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ ካላተሙበት ቀለሙ ይደርቃል» አለኝ።

ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ በየሳምንቱ የማትመው ነገር የለኝም። «የሚከራይ ክፍል አለ፤ ደላላ አያስፈልግም» ብዬ አተምኩና በሬ ላይ ለጠፍኩት። ክፍል የማከራየት ሐሳብ ግን አልነበረኝም። በሬ ሲንኳኳ ደስ ስላለኝ በየሳምንቱ አዲስ መለጠፍ ለመድኩ።

አንድ ቅዳሜ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ መጡ። የልጆቼን ክፍል አሳየኋቸው። ስለ ውሃው ጠየቁኝ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ በኋላም ስለ ልጆቼ። ተቀምጠን ስንጫወት ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ሊሄዱ ሲነሱ አፈርኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍሉ አይከራይም፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት የፕሪንተሩ ቀለም እንዳይደርቅ ብዬ ነው።»

«ምንም አይደል» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እኔም ሞጆ የራሴ ቤት አለኝ። ደላላ ሰውን ስለሚያጣድፍ፣ ‹ደላላ አያስፈልግም› የሚል ሳይ ብቻ ነው የምገባው።»